አውሬውን ቀድማ ያየችው

ሰው በላ የባሕር አውሬ በሚታይበት ፊልም ጥቁር ተዋናይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄ.ዲ. ዲላርድ «ስዊትኸርት» ግን ፊልሙን በሙሉ ለአንዲት ጥቁር ወጣት ይሰጣታል። ኪርሲ ክሌመንስ የምትጫወታት ጄን ጀልባዋ ሰጥሞ ሰው አልባ ደሴት ላይ ትወድቃለች፤ እሳት ታነዳለች፣ እንጨት አሹላ ጦር ትሠራለች፣ ማታ ማታ ከባሕሩ ወለል ጉድጓድ የሚወጣውን አውሬ አመል ታጠናለች። ለረጅም ጊዜ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ ብልሃቷን የምናየው በእጇ ሥራ ነው።

«ፊልሙ ስለ ዘር ሲሰብክ አይሰማም፤ ታዲያ ውክልናው የቱ ላይ ነው?» የሚል አይጠፋም። ከአደጋው የተረፉት ጓደኞቿ ሲደርሱ ይታያል። ያየችውን ብትነግራቸው አያምኗትም፤ ያለፈ ስሟን አንስተው ውሸታም ያደርጓታል። ከአውሬው ይልቅ ይህ ያስፈራል፣ ስብከትም አላስፈለገውም። እንዲህ ያለውን ፊልም እኛ አገር መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል የሚለው ሰበብም አያዋጣም፤ አውሬው አብዛኛውን ጊዜ ከጨለማ አይወጣም። እንጅባራ አጠገብ ዘንገናን የመሰለ ሐይቅ እያለ፣ አገውኛ የምትናገር ጄን የማትፈጠርበት ምክንያት አይታየኝም።