ለስላሳው ብሩሽ
በደቡብ ፈረንሳይ፣ አንቲብ ወደብ ላይ ጀልባ ሲታጠብ ማየት ደስ ይለኛል፤ በተለይ ለስላሳውን ብሩሽ። የቲክ እንጨት ወለል በሻካራ ብሩሽ፣ ያውም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ከተፈተገ ለስላሳው ክፍል እየተፋቀ ጠንካራው ገጦ ይቀራል። ዐዋቂ መርከበኛ መስመሩን አቋርጦ፣ ሳይጫን ያሻል። የባሕር ውሃ ለቲክ አይከፋም። የማይዝግ የሚባለው ብረት ግን ጨው ከተኛበት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣልና በጨው አልባ ውሃ ታጥቦ ወዲያው በመወልወያ ቆዳ ይደርቃል። ቆዳውም ቢሆን ታጥቦ፣ ተጨምቆ ጥላ ውስጥ ካልተሰጣ እንደ ቁርበት ይገግራል። ብሩሹ ይሰቀላል፤ በፀጉሩ ከቆመ ይጎብጣል። ውድ ሳሙና የሚገዛ ባለጀልባ ሞልቷል። ጀልባ ቢኖረኝ የምቀጥረው ብሩሹን አጥቦ የሚሰቅለውን ነበር።