የሚራመድ ሐዘን

ባለፈው ቅዳሜ ምሽት እዚህ ካልጋሪ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ በምንለው በ17ኛው ጎዳና፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ ሳልወርድ ቆየሁ። ያቆየኝ ሬዲዮኑ ነው። የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ተጀምሮ ነበርና ልጄን «ትንሽ ታገሺኝ» ብዬ እስኪያልቅ አዳመጥኩ። ከዚያ ገባን። ውስጥ ደግሞ አንድ ወጣት ኪቦርድ ይዞ ትዝታ ይዘፍናል። ገና ሳንቀመጥ ልጄ ጠጋ ብላ «አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። የሬዲዮኑ ኦርኬስትራ መሪና ይህ ወጣት ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ጥፋት ማጥፋታቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን ከቤትሆቨን እንጀምር። ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1813 ቪየና ውስጥ፣ በሃናው ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነው። ኦርኬስትራውን የመራው ጆሮው እየደከመ የነበረው ደራሲው ራሱ ሲሆን፣ ሕዝቡ ይህንኑ ሁለተኛ ክፍል በጭብጨባ አስደግሞታል።

ክፍሉ የተጻፈው በኤ ማይነር ነው። በለመድነው አነጋገር ማይነር ማለት ሐዘን ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በሲምፎኒ ወግ አብዛኛውን ጊዜ ዝግተኛው ነው። ሐዘንና ዝግታ ከተደመሩ ውጤቱ ለቅሶ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ቤትሆቨን ከላይ ያሰፈረው ቃል «አሌግሬቶ» ነው፤ ፈጠን ያለ፣ ግን የማይሮጥ ማለት ነው። በ1817 ደግሞ የሜትሮኖም ቁጥር ሲሰጥ በደቂቃ 76 ምት ብሎ ወሰነው። ይህ እየተራመደ የሚያዝን ሰው ፍጥነት ነው።

ምቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረጅም። ቫዮላ፣ ቼሎና ባሶች በዝቅታ ይጀምሩታል፤ ቫዮሊኖቹ በየተራ ይቀበሏቸዋል፤ በመጨረሻም መላው ኦርኬስትራ ይዞት ይነሣል። መሐል ላይ ክላርኔትና ባሱን ወደ ኤ ሜጀር ሲያሻግሩን ፀሐይ የወጣ ይመስላል። ጆሮውን ለባሶቹ የሰጠ ሰው ግን ያ ምት ከሥር አለመቋረጡን ይሰማል። ደስታው ሐዘኑን አላስቆመውም፤ ሐዘኑም ደስታውን አልከለከለውም። ቁም ነገሩም ይኸው ይመስለኛል።

በ76 ምት ከተጫወቱት ክፍሉ ሰባት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንዶች ይፈጃል። ዘጠኝ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚጎትቱት ቅጂዎች ግን ሞልተዋል፤ እኔ የሰማሁትም ከእነዚያ ወገን ነው። ኖታው አልተለወጠም፣ ቁልፉም ያው ኤ ማይነር ነው። የተወሰደበት እርምጃው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የትዝታ ቅኝት ሜጀርም ማይነርም አለው፤ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ማይነር ይሆናል። ለመሆኑ ዓይናችን እንባ የሚያቀርረው በማይነሩ ብቻ ነው? አይደለም፤ በሜጀሩም እናለቅሳለን። እንግዲያው ስሜቱን የሚወስነው ቅኝቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማስረጃ ከተፈለገ ጌታቸው ካሣ አለልን። ትዝታን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት አስቀርጿል። ዝግተኛው ያስተክዛል፤ ፈጣኑ ደግሞ ትካዜውን ሳይጥል ትከሻ ያነቃንቃል። በትዝታ ውስጥ ናፍቆት ብቻ አይደለም ያለው፤ ሽሙጥም፣ በራስ ላይ መቀለድም፣ ሰምና ወርቅም አለ። በስደት መድረኮቻችን ግን የቀረልን እንባው ብቻ ነው፤ እሱም ኢኮ ተጨምሮበት።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ተቆጣ። «ስደተኞች ነን። ለእናቱ ቀብር ያልደረሰ ሰው በስንት ምት እንዲያለቅስ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ጥያቄው ወጋኝ፤ እኔም ለእናቴ ቀብር አልደረስኩምና። መርዶዬን የሰማሁት ከዚሁ ጎዳና አጠገብ በነበረችው አፓርታማዬ፣ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩተው ከገቡ ሽማግሌዎች አፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ያን የተጎተተ አሌግሬቶ አዳመጥኩ። አጽናንቶኛል ለማለት አልደፍርም፤ ካለሁበት እንዳልነሣ አድርጎኛል።

ያነሣኝ የአገሬን ለቅሶ ማስታወሴ ነው። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ የተሰበሰቡት ደረታቸውን እየመቱ ይቀበላሉ። ለቅሶው ምት አለው። ሐዘንተኛዋ ስትደክም ሌሎቹ ምቱን ይይዙላታል፤ እስክትመለስም አይለቁትም። ባሶቹ ከክላርኔቱ ሥር የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ፣ አልቅስ፣ ምቱን ግን አትልቀቀው የሚል ነው።

ዝግታ ሁሉ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። የጌታቸው ዝግተኛ ትዝታ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። የምፈራው የቆመውን ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የምናስቆመው ትዝታ፣ እኛ ከወጣን በኋላ ሰፈሩ ፈርሶ እንደ ተሠራ፣ ልጆቹም እንዳደጉ አያውቅም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችንም የሚያውቁት ወላጆቻቸው አንገት የሚደፉበትን ዘፈን ብቻ ይሆናል። ልጄ «ማን ሞቶ ነው?» ማለቷ አይፈረድባትም፤ ያሰማናት እሱን ነውና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ያን ወጣት «ወንድሜ፣ እስቲ ትዝታን ፈጠን አድርጋት» እለዋለሁ። ካደረጋት ሽልማቱን ግንባሩ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።