ስለ ተዋንያን እምነትና ስለ ቤታቸው

በመካነ ሰላም ከተማ አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ከአንድ አረጋዊ ቄስ ጋር ከዐጸዱ ቅጥር አጠገብ ተቀምጠን ስንጨዋወት የታናሽ ልጃቸውን ነገር አነሡ። ልጁ ዳዊት የደገመ፣ ድምፁም ያማረ ነው፤ አሁን ግን ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ቴአትር መሥራት እማራለሁ ብሎ ቁርጥ ሐሳብ አድርጓል። ቄሱም «እርስዎ ከተማ የኖሩ ነዎትና ይንገሩኝ፤ ይህ ልጅ ሃይማኖቱን ሳይለቅ፣ በተክሊል አግብቶ፣ ልጆቹንም አሳድጎ በዚህ ሥራ ሊኖር ይችላልን? ወይስ ከሦስቱ አንዱን መጣል ግድ ይሆንበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የመለስሁላቸው ቃል ለራሴም አላጠገበኝምና፣ ነገሩን ደግሜ መርምሬ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድሁ።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ሲነሣ ዘወትር የሚሰማው ክርክር ቴአትር ኀጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። የቄሱ ጥያቄ ግን ሚስትንና ልጅን ስለ ጨመረ ከዚህ ይሰፋል። ነገሩን ባሰብሁት መጠን፣ ክርክራችን ሁሉ በመድረኩ ላይ ቆሞ የቀረና የተዋናዩን ቤት የረሳ ሆኖ ታየኝ።

አስቀድሞ የአባቶችን ፍርድ ማየት ይገባል። ከሐዋርያት ተላልፎ መጣ የሚባለውና በግዕዝ ሲኖዶስ ውስጥም የሚገኘው ሥርዓት፣ ለጥምቀት የሚቀርበውን ሰው ሥራ ሲመረምር፣ በቴአትር የሚጫወት ቢሆን ሥራውን ይተው፣ ባይተው አይቀበሉት ይላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ ሲሰብክ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ወደ ጨዋታው ቦታ የሚሮጡትን ሰዎች አጥብቆ ገሥጿል። ይህ ፍርድ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። የዚያ ዘመን ቴአትር ከጣዖት በዓል ጋር የተቆራኘ ነበር፤ ተዋንያኑንም የሮም ሕግ ከተዋረዱ ሰዎች ወገን ይቈጥራቸው ነበርና።

በስንክሳራችን የምትታሰበው የአንጾኪያዪቱ ጲላግያ የመድረክ ሴት ነበረች፤ ንስሓ ገብታ ሁሉን ትታ መነነች። በ6ኛው መቶ ዘመን የነገሠችው ቴዎድራም በወጣትነቷ በመድረክ የምትጫወት ነበረች። በኋላ የንጉሡ የዮስጢንያኖስ ሚስት ሆና፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉትን አባቶች፣ ይልቁንም ቅዱስ ሳዊሮስን ያስጠለለች እርሷ ናት። (ስለዚህ ከእኛ ወገን ተዋንያንን ለመናቅ የሚቸኩል ሰው፣ የሃይማኖት አባቶቹ በማን ጥላ ሥር እንደ ተጠለሉ ቢያስታውስ መልካም ነው።) ነገር ግን ልብ አድርጉ፤ ሁለቱም ሥራውን የተዉ ናቸው። መጻሕፍታችን ትቶ የዳነውን ተዋናይ ያሳዩናል እንጂ፣ በሥራው ላይ ሳለ ቈርቦ ልጅ ያሳደገውን አያሳዩንም። የመካነ ሰላሙ ቄስ ምሳሌ ያጡት ስለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከቦረና አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ከዓባይ ገደል ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። በዚያ በደብረ ኤልያስ ተወልዶ ቅኔ የተማረው ዮፍታሔ ንጉሤ ከቴአትራችን መሥራቾች አንዱ ሆነ። የተጠራበትም ማዕርግ ቀኝ ጌታ የማሕሌት ማዕርግ እንጂ የመድረክ አይደለም። «አፋጀሺኝ»ን የጻፈው እጅ ቅኔ ሲቈጥር ያደገ እጅ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱም፣ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ፣ ሁለቱን አልለያየም። እንግዲህ ቴአትር ከውጭ የመጣ የባዕድ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ግማሹን ብቻ ተናገሩ፤ መልኩ ከውጭ ቢመጣም ቃሉን የሰጠው የቅኔ ቤት ነውና። ከእርሱ በፊት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተደረሰው «ፋቡላ» በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታይቶ መከልከሉም ሹማምንትን ስለ ነካ ነው እንጂ የሃይማኖት ነገር ስላለበት አይደለም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ከዚህ አልፈው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ቴአትር አላት፤ በሆሣዕና ከደጅ ቆሞ የሚጠይቀውና ከውስጥ ሆኖ የሚመልሰው ካህን፣ በጸሎተ ሐሙስም እግር የሚያጥበው አባት ተዋንያን አይደሉምን? ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። በጸሎተ ሐሙስ እግር የሚያጥበው ካህን በእውነት ያጥባል፤ እግሩም በእውነት ይታጠባል። በመድረክ ላይ ግን የሞተው ሰው መጋረጃው ሲወርድ ተነሥቶ እራቱን ይበላል። ቴአትርን ለማክበር ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ጨዋታ ማድረግ አያስፈልግም።

ይልቅስ ከመጽሐፍ ለቴአትር ምስክር የሚሆን ቢፈለግ ነቢዩ ናታን አለ። ንጉሥ ዳዊት በቤርሳቤህና በባሏ ላይ ክፉ በሠራ ጊዜ፣ ናታን በግልጥ አልከሰሰውም። አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻ የፈጠራ ታሪክ ነገረው፤ ንጉሡም ታሪኩን እውነት መስሎት ተቈጥቶ በገዛ ራሱ ላይ ፈረደ። ቴአትር በመልካም ጎኑ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው ተውኔት ስለዚሁ ታሪክ የተጻፈ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው የተደረሰው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ምርጫው የሚደነቅ ነው፤ ታላቅ አዳራሽ በንጉሥ ስም ሲከፈት የንጉሥ ኀጢአት በመጀመሪያ ቀን በመድረኩ ላይ ይቆማልና። ነገር ግን ናታን ታሪኩን ሲናገር ብቻውን ነበር፤ ቤርሳቤህን መስላ የምትቆም ሴት አላስፈለገችውም። መድረክ ግን ታስፈልገዋለች። ኀጢአትን የሚገሥጽ ተውኔት የኀጢአቱን ልብስ የሚለብስለት ሰው ይሻል። ተመልካቹ ተገሥጾ፣ ተጽናንቶም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ስሙን በልብሱ ላይ ጥሎ የሚቀረው ተዋናዩ ነው።

በአገራችን ቴአትር መጀመሪያ ዘመን የሴቱን ክፍል ወንዶች ልጆች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱት የነበረውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሴት ልጁን ወደ መድረክ የሚሰጥ አባት አልነበረም፤ የአዝማሪ ስም እንዳይጠራባት ይፈራ ነበር። የመጀመሪያዪቱ ተዋናይ እየተባለ ስሟ የሚጠራው ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ፣ ክራር ደርዳሪዋም ተዋናዪቱም አስናቀች ወርቁ ከዚህ ስም ጋር ታግለው ነው መድረኩን ለኋለኞቹ የከፈቱት። ይህ ነቀፋ በወሎ መሰማቱ ደግሞ ያስገርማል። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች በስሙ የሚጠሩለት አገር፣ ዘፈኑን እየወደደ ዘፋኙን ልጁን ለመዳር ሲመጣ «የማን ዘር ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል!

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ይመጣል፤ ተዋናይ በመድረክ ላይ ሲጸልይ ምን ያደርጋል? የወሎ ሰው አቡነ ጴጥሮስን ያውቃቸዋል፤ መንበራቸው ደሴ ነበርና። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስቶች ጥይት ከተገደሉ በኋላ፣ ራስ ቢትወደድ መኰንን «የደም ድምፅ»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ደረሱላቸው። ጸጋዬ በዚያው ርእስ በጻፈው ግጥም ጳጳሱን እንደ ሐውልት አላቆማቸውም፤ በዚያች ሰዓት ወደ እመ ብርሃን የሚያጉረመርሙ፣ የእረኝነታቸውን ዘመን የሚያስታውሱ ሰው አድርጎ አሳያቸው። ሰማዕት እንዲህ ያመነታልን? ብለው የሚቀየሙ ካህናት ይኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ጌታ በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም እስኪወርድ የጸለየውን ጸሎት ያነበበ ሰው በዚህ ሊሰናከል አይገባውም እላለሁ። ከሁለቱ ደራስያንም ለእኔ የበለጠው ጸጋዬ ነው፤ ፍርሃቱን አይተን ጽናቱን እንድናከብር አድርጎናልና።

ይህን ቃል የሚናገረው ተዋናይ መስቀል ይዞ ቆብ ደፍቶ የሚቆም ምእመን ነው። በአማርኛው ወንጌል ግብዞች የተባሉት በግሪኩ ቃል ሲጠሩ፣ ቃሉ በመጀመሪያ የመድረክ ተዋናይን የሚያሳይ ነበር። ስለዚህ ተዋናዩ ግብዝ ነው የሚል ሰው የቃሉን ሥር ይዟል። ነገር ግን ግብዝ ማስመሰሉን ይሸሽጋል፤ ተዋናይ ግን አስቀድሞ ይነግረናል፤ እኛም ቲኬት ቈርጠን እንገባለን። ጌታ የነቀፈው በአደባባይ ለመታየት የሚጸልየውን እንጂ፣ ጴጥሮስ እንዴት እንደ ጸለየ የሚያሳየንን አይመስለኝም። ሆኖም አንድ ነገር አልሸሽግም። ያንን ጸሎት በየሳምንቱ በመድረክ የሚል ሰው፣ በቤቱ ከልጆቹ ጋር ቆሞ አባታችን ሆይ የሚልበት ጊዜ ከሌለው፣ ከጊዜ በኋላ የትኛው ጸሎት የራሱ እንደ ሆነ ሊጠፋው ይችላል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ጊዜ ወረደ። የቴአትር ቤት አዳራሽ የሚሞላው በዕረፍትና በበዓል ቀን ነው። ሌላው ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር የሚሰበሰብበት ቀን ለተዋናዩ የሥራ ቀን ነው። በሳምንቱ መካከልም ጥናት አለ። ደመወዙ ትንሽ ሲሆን ደግሞ በሌላ ቦታ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ቤቱም ይመሻል። ልጁን ማን ያስቀድሰዋል? ሚስቱ። ይህን የምታውቅ ሌላ ሚስት ማን ናት? ካህናት አባቶቼ፣ አትቀየሙኝ፤ የደብተራ ሚስት ናት። በዓል በመጣ ቍጥር ባሏ ማሕሌት ቆሞ ያድራል፤ እርሷ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ ልጆቹን ብቻዋን ታስተኛለች።

ግን የካህኑ ቤት አይፈርስም። ለምን? ቤተ ክርስቲያን ሰሞን የሚባል ሥርዓት ስላላት ነው። ሰሞነኛው ተራው በደረሰ ሳምንት ከደብሩ አይለይም፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ለባልንጀራው አስረክቦ ወደ ሚስቱና ወደ እርሻው ይመለሳል። በቦረናና በሳይንት ደጋ የሚያርሰው ቄስ ሁሉ በዚህ ሥርዓት ይኖራል። ቴአትር ቤቶቻችን ከቅኔ ቤት ቃሉን ሲወስዱ ይህን ሥርዓት ትተው መጡ። አንዱን ክፍል ሁለት ተዋንያን አጥንተውት በተራ ቢጫወቱት፣ ከሁለት እሑድ አንዱ የተዋናዩ ቢሆን፣ የበዓሉ ማግስትም እንደ በዓል ቢቈጠርለት፣ ከቄሱ ሦስት ነገሮች አንዱም መጣል ባላስፈለገው ነበር። ኪሳራ አለው ይሉኛል፤ አዎን፣ አለው። ለአንድ ክፍል ሁለት ደመወዝ መክፈል ለደኸየ ቴአትር ቤት ቀላል አይደለም፤ ተመልካቹም የሚወደውን ፊት ባያይ ያጉረመርማል።

ይህን ሁሉ በሌላ ጊዜ ለአረጋዊው ቄስ አወራሁላቸው። ሰሞን የሚለው ቃል ሲደርስ ፈገግ አሉ፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፣ «መልካም አስበዋል። ግን ለእኛ ተራውን የሚያውቅ፣ የቀረውን የሚጠይቅ፣ የታመመውን የሚተካ ገበዝ አለን። የልጄ ገበዝ ማን ይሆናል?» አሉኝ።