አጽሙ ለማን ይመሰክራል?

በኪቩ ሐይቅ ዳርቻ፣ ወደ ውሃው ዘልቃ በገባች ኮረብታ ላይ የኪቡዬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ኤፕሪል 17 ቀን 1994 በዚያ ቤተ ክርስቲያንና ከጎኑ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ተጠልለው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ቱትሲዎች ተገደሉ። በጃንዋሪ 1996 አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በዚሁ ኮረብታ ላይ ወዳለው የጅምላ መቃብር ወረደች። ስሟ ክሊያ ኮፍ ነው፤ እናቷ ታንዛኒያዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ ናቸው። እስከ 2000 ድረስ በሩዋንዳ፣ በቦስኒያ፣ በክሮኤሺያና በኮሶቮ ለተባበሩት መንግሥታት የወንጀል ፍርድ ቤቶች በሰባት ተልእኮዎች ሠራች። ያየችውንም በ2004 በታተመው «ዘ ቦን ውማን» (የአጥንቷ ሴት እንደ ማለት ነው) በተባለው መጽሐፏ ተረከችው።

የመጽሐፉ እምነት አንድ ነው፤ አጥንት ይናገራል። ኮፍ ይህን እምነት የወረሰችው ከአሜሪካዊው የአጽም መርማሪ ከክላይድ ስኖው ሲሆን፣ ስኖው በ1984 አርጀንቲና ሄደው፣ በወታደራዊው መንግሥት የተሰወሩ ሰዎችን አጽም የሚፈልጉ ወጣቶችን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ስለ ስኖው የተጻፈ መጽሐፍ ገና ተማሪ ሳለች እጇ ገባ፤ የሕይወት መንገዷም በዚያ ተወሰነ። ገዳይ ምስክሮቹን ሁሉ ገድሎ ጨርሻለሁ ቢል እንኳ ከአፈር በታች ያለው አጽም ያጋልጠዋል፤ ኮፍ መቃብር ውስጥ የምትገባው ይህን ይዛ ነው።

ኮፍ ሥራውን ስትተርክ የሚስተካከላት ጥቂት ነው። አንባቢ ዘግናኝ ነገር ሲጠብቅ የሚያገኘው ትዕግሥት ነው። አፈሩ በአካፋ፣ ከዚያ በእጅ፣ ከዚያ በብሩሽ ይነሣል፤ የተደራረቡት አካላት የማን እጅ የማን እግር እንደሆነ እስኪለይ ቀናት ይፈጃል። የአዋቂ ሰው ጾታ ከዳሌው ቅርጽ፣ ቁመቱ ከጭኑ አጥንት ርዝመት ይገመታል። ዕድሜ በሕፃናት ከጥርስ አወጣጥ፣ በወጣቶች የአጥንት ጫፎች ገጥመው እንደሆነና እንዳልሆነ በማየት ይለያል። ሰው በሕይወት ሳለ የተሰበረ አጥንት እየጠገገ ጠርዙ ይደነድናል፤ በሞት ሰዓት የተሰነጠቀው ስል እንደሆነ ይቀራል፤ ከተቀበረ ቆይቶ በመቆፈሪያ የተሰበረው ደግሞ ስብራቱ ነጣ ብሎ ይታያል። በነዚህ ሦስት ስብራቶች መካከል ያለውን ልዩነት መለየት የተሳነው መርማሪ፣ ራሱ በአካፋው ያደረሰውን ጉዳት የገዳይ ሥራ ሊያደርገው ይችላል።

የልጆች ነገር ከዚህ ይለያል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አጥንት ወንድ ይሁን ሴት በእርግጠኝነት አይናገርም። በኪቡዬ ከወጡት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩና በመዝገቡ ላይ በጾታቸው ቦታ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፋል።

ይናገራል የተባለው አጥንት እዚህ ላይ ዝም ማለት ይጀምራል፤ የመጽሐፉም ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ ነው። በኪቡዬ ከሟቾቹ ላይ የወጡት ልብሶች ታጥበው ተዘረጉና የአካባቢው ሰው መጥቶ እንዲያይ ተጠራ። የእህቱን ቀሚስ፣ የአባቱን ኮት የሚያውቅ ካለ ስሙን እንዲናገር ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ መቶ ሙታን ስም ያገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ የሳይንሱ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ልብሱን አይቶ ሊያውቅ የሚችለው ዘመድም አብሮ አልቋል። ለአጥንቱ ስም የሚሰጠው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ያ ሰው ከሌለ ሐኪሙ የሚያውቀው «ሴት፣ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት፣ በራስ ቅሏ ላይ የስለት ምት» ይሆንና ያበቃል።

ለፍርድ ቤት ይህ ይበቃል። አሩሻ ላይ የተሰየመው የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት የፈለገው ሟቾቹ ተዋጊዎች እንዳልነበሩ፣ ሴቶችና ሕፃናት እንደነበሩ፣ በምን እንደተገደሉ ማወቅ ነው። የኪቡዬ አስተዳዳሪ የነበረው ክሌማን ካይሼማ፣ እሱ ራሱ ሐኪም ነው፣ በሜይ 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እናት ግን እንዲህ ያለው ማስረጃ አያሳርፋትም። የልጇን አስከሬን ያላየች እናት እርሟን አታወጣም፤ ለቅሶው ሳይቆረጥ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ አንድ ቀን ይመጣል እያለች ዓመት በዓመት ላይ ትጨምራለች። ኮፍ ይህን ክፍተት ታየዋለች፤ ደፍራ ግን አትገባበትም።

ፍርድ ቤቱም ቢሆን ለአጥንት ሁልጊዜ ጆሮ አልሰጠም። ኮፍ የተሳተፈችበት ሁለተኛው የሩዋንዳ ቁፋሮ በኪጋሊ፣ አምጋር በሚባለው ጋራዥ አካባቢ የተካሄደ ነበር። በጆርጅ ሩታጋንዳ ክስ ላይ የቡድኑ መሪ ዶክተር ዊሊያም ሃግለንድ ስለ ግኝቱ መሰከሩ፤ ተከላካዩ ወገን ደግሞ ሌላ የአጽም ሊቅ፣ በወንጀል ልቦለዶቻቸው ጭምር የሚታወቁትን ካቲ ራይክስን ጠራ። በዲሴምበር 1999 ዳኞቹ በሃግለንድ ሳይንሳዊ ግኝት ላይ እንደማይመረኮዙ ወሰኑ። ሩታጋንዳ የተፈረደበት በሕይወት በተረፉ ሰዎች ቃል ነው። «አጥንት አይዋሽም» የሚለው አባባል ለሚጥመው አንባቢ ይህ ፍርድ ከመጽሐፉ ጎን ሊቀመጥለት ይገባል። አጥንት ባይዋሽም የሚተረጉመው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል፣ ይከራከራል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ስኖው ያሠለጠኑት የአርጀንቲናው ቡድን በ1990ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ የደርግ ባለሥልጣናትን ለመክሰስ ለተቋቋመው ልዩ ዓቃቤ ሕግ የጅምላ መቃብሮችን ቆፍሯል። ዛሬ መስቀል አደባባይ ዳር፣ በ2010 በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ የራስ ቅሎችና አጥንቶች በመስታወት ውስጥ ይታያሉ፤ ግድግዳው የሟቾች ፎቶግራፍ ነው። ከፎቶግራፍ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ፎቶግራፍ የሚመላለስ ጎብኚ ኮፍ ያልጻፈችውን ምዕራፍ እዚያ ያነበዋል። ሁሉም ፊት የራሱን አጽም አላገኘም።

መጽሐፉ እንከን አለበት። ከማስታወሻ ደብተሯ ብዙ ሳትቀንስ ያሰፈረችው የሠራተኞች ኩርፊያና የመኝታ ቤት ብሶት ገጽ ይበላል፤ መቃብር አፋፍ ላይ የቆመን አንባቢ እንዲህ ባለ ነገር ማዘግየት ደግ አይደለም። ኮፍ ሥራዋን እንድትሠራ በአጥንቱ ውስጥ ማስረጃውን ብቻ ማየት እንዳለባት ታውቃለች፤ ሰውየው ድንገት ብቅ ሲልባት ግን ትሸነፋለች። በኮሶቮ ከአንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ብይ ወጣ። የጭን አጥንቱን ለመለካት ያልተንቀጠቀጠች እጅ ያን ጊዜ ተንቀጠቀጠች። በመላው መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ገጽ የለም፤ ብዩም ለክሱ አንዳች አይጠቅምም።

 ኮፍ በ2005 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ድርጅት መሠረተች። ሥራው ዘመድ የጠፋባቸውን ቤተሰቦች፣ በየሬሳ ማቆያው ስም ሳይኖራቸው ከተኙ አስከሬኖች ጋር ማገናኘት ነበር።