የማይታወቀው አምላክ እና የታወቁት አገልጋዮቹ

ፍርሃት በየቋንቋው የራሱ ስም አለው። በአማርኛ ጭራቅ ስንል ሰው የሚበላ፣ ሆኖም በብልሃት የሚታለል ፍጡር በዓይነ ልቡናችን ይመጣል፤ ጋኔን ስንል በጸሎትና በጠበል የሚወጣ፣ ዛር ስንል ደግሞ ግብሩን ተቀብሎ የሚታረቅ መንፈስ እናስባለን። ደብተራው የቅዱስ ሱስንዮስንና የውርዝልያን ታሪክ በብራና ክታብ ላይ ሲጽፍ፣ የክፉውን መንፈስ ስም ያወቀና የጠራ ሰው ከክፋቱ ይጠበቃል ከሚል እምነት ተነሥቶ ነው። እነዚህ ሁሉ ቢያስፈሩም ዳኛ ባለበት ዓለም ውስጥ ይኖራሉ። ከበላያቸው ፈጣሪ አለ፤ ስማቸው ይታወቃል፤ መድኀኒታቸውም ይነገራል።

አሜሪካዊው ደራሲ ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት (1890–1937) የፈጠራቸው አማልክት ግን ከነዚህ ከአንዱም ጋር አይዛመዱም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከነርሱ ዋነኞቹ ሰውን አይጠሉትም፣ አይወዱትምም፤ ከናካቴው አይቆጥሩትም። ከከዋክብት ባሻገር የመጡ፣ ከሰው ልጅ በፊት የነበሩ፣ ከሰው ልጅም በኋላ የሚኖሩ ናቸው። ላቭክራፍት ያስፈራናል የሚለው ጥርሳቸው ወይም ጥፍራቸው አይደለም፤ ጽንፈ ዓለሙ ለእኛ እንዳልተሠራ መረዳታችን ነው። በዚህም የተነሣ የእርሱ ድርሰቶች የክታባችንን ሥርዐት ይገለብጡታል። በክታቡ ዕውቀት ጋሻ ነው፤ በላቭክራፍት ዘንድ ዕውቀት መርዝ ነው። ስሙን ያወቀ ይጠፋል።

እንዲህ ያለውን ፍርሃት ወደ ጨዋታ መለወጥ የማይሞከር ነገር ይመስል ነበር። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም ሲታተም፣ መሠረቱ ቁጥር ነበር። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ አጠራጣሪው ነገር ሁሉ በዳይስ ይወሰናል። የጀግናውም የጭራቁም ዕድሜ በሕይወት ነጥብ ይለካል። በ1980 ጄምስ ዋርድና ሮበርት ኩንትዝ ለዚሁ ጨዋታ የአማልክት መድበል ሲያዘጋጁ፣ ከግሪክና ከግብጽ አማልክት ጎን የላቭክራፍትንም ፍጡራን አሰለፏቸው። ከባለ መብቶች ጋር በተያያዘ ምክንያት ክፍሉ ከኋለኞቹ እትሞች ቢወጣም፣ የመጀመሪያው እትም ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል።

ያ መድበል አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ክቱሉ የሕይወት ነጥብ ካለው፣ ነጥቡ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ሊያልቅ የሚችል አምላክ ደግሞ ትልቅ ዘንዶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ላቭክራፍት ራሱ በ1928 በታተመው «የክቱሉ ጥሪ» አንድ መርከበኛ ጀልባውን እየነዳ የጭራቁን ራስ እንዲሰነጥቀው አድርጓል፤ የተሰነጠቀው ራስ ግን ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል። ደራሲው ምቱን የፈቀደው የምቱን ከንቱነት ለማሳየት ነው። የነጥብ ሠንጠረዥ ይህን ከንቱነት መናገር አይችልም።

መልሱ በ1981 መጣ። ሳንዲ ፒተርሰን የተባለ የጨዋታ ደራሲ፣ በኬኦሲየም ኩባንያ አሳታሚነት፣ የላቭክራፍትን ታሪክ ስም የወረሰውን «የክቱሉ ጥሪ» የሚና ጨዋታ አወጣ። እርሱ ቁጥሩን አልሻረውም፤ ቦታውን አዛወረው። ከጭራቁ ሰውነት አንሥቶ በተጫዋቹ ልቡና ውስጥ አኖረው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የአእምሮውን ጤንነት የሚለካ ነጥብ አለው፤ የልቡና ነጥብ እንበለው። አስፈሪ ነገር ባየ ቁጥር ይጎድልበታል። ክቱሉን ያየ ሰው፣ ዳይሱ ቢቀናው እንኳ ከአንድ እስከ ዐሥር፣ ባይቀናው ከአንድ እስከ መቶ ነጥብ ያጣል። ነጥቡ ዜሮ የደረሰበት ገጸ ባሕርይ ከተጫዋቹ እጅ ይወጣል።

ከዚህም የረቀቀ አንድ ደንብ አለ። ገጸ ባሕርዩ ስለነዚህ አማልክት ያለው ዕውቀት በመቶኛ ይመዘገባል፤ የልቡናው ከፍተኛ መጠን ደግሞ ከ99 ላይ ይህ ዕውቀት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ሠላሳ ያህል ያወቀ ሰው፣ ምንም ቢያርፍና ቢታከም፣ ልቡናው ከስድሳ ዘጠኝ በላይ አይመለስም። በአንድ የመቀነስ ስሌት የላቭክራፍት ፍልስፍና ተጠቃልሎ ተገኘ። ብዙ ሐያስያን በብዙ ገጽ ያስረዱትን ነገር አንድ የጨዋታ ደንብ በተጫዋቹ ሰውነት ላይ እንዲሰማው አደረገ። በእኔ ግምት ይህ፣ የሚና ጨዋታ ለሥነ ጽሑፍ ካበረከታቸው ነገሮች ሁሉ የሚልቀው ነው።

ይሁንና ደንብ ብቻውን ጨዋታ አይሆንም፤ ታሪክ ያስፈልገዋል። የዚህ ጨዋታ እጅግ የተወደሰ ታሪክ በ1984 ላሪ ዲቲሊዮ ከሊን ዊሊስ ጋር ያዘጋጀው «የንያርላቶቴፕ ጭምብሎች» ነው። ዘመኑ ጃንዋሪ 1925፣ ቦታው ኒው ዮርክ። ጃክሰን ኢላያስ የተባለ ደራሲ ወዳጆቹን ለርዳታ ይጠራል፤ ሲደርሱ በሆቴል ክፍሉ ተገድሎ ያገኙታል። ሲመረምር የነበረው በ1919 ኬንያ ውስጥ የጠፋውን የባለጸጋውን የሮጀር ካርላይልን የጉዞ ቡድን ነው። ተጫዋቾቹም ዱካውን ተከትለው ወደ ለንደን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ኬንያና ወደ ሻንግሃይ ይጓዛሉ። በየደረሱበት ያው አንድ አምላክ ሌላ ጭምብል አጥልቆ ይጠብቃቸዋል፤ በግብጽ ጥቁሩ ፈርዖን፣ በኬንያ ደመ ምላስ፣ በቻይና ያበጠችው ሴት። ተከታዮቹ በጃንዋሪ 14 ቀን 1926 በሚሆነው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ የዓለምን በር ሊከፍቱለት ተዘጋጅተዋል። ግርዶሹ የፈጠራ አይደለም፤ በዕለቱ በኬንያ ሰማይ ላይ በርግጥ ታይቷል።

የታሪኩ ጥንካሬ ግልጽ ነው። ተጫዋቾቹ የሚዋጉት ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። ፍንጮቹ የሚደርሷቸው በጋዜጣ ቁራጭ፣ በደብዳቤና በፎቶግራፍ መልክ በእጃቸው ተሰጥተው ነው። ገጸ ባሕርያት ይሞታሉ፣ ያብዳሉ፣ በሌሎች ይተካሉ፤ ቢያሸንፉም ያገኙት ነገር የጊዜ ማራዘሚያ ብቻ ነው። አምላኩ አይሞትም፤ ጭምብሉን ለውጦ ይሄዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአምላኩ ዐይናችንን አንሥተን አገልጋዮቹን ስንመለከት ነው። የጽንፈ ዓለም ፍርሃት መሠረተ ሐሳብ፣ ሰው ሁሉ በጠፈር ፊት እኩል ኢምንት ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ ኢምንትነቱ ለሁሉም እኩል መዳረስ ነበረበት። በ1984ቱ እትም ግን ሲዳረስ አናይም። የኒው ዮርኩ ምሥጢራዊ አምልኮ የሚገኘው በሃርለም፣ የአፍሪካ ዕቃ በሚሸጥበት «ጁጁ ሃውስ» በተባለ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የካይሮው በግብጻውያን፣ የኬንያው በአፍሪካውያን፣ የሻንግሃዩ በቻይናውያን ይካሄዳል። የማይታወቀው አምላክ አገልጋዮቹን የሚመለምለው ከታወቀ ሰፈር ነው።

ለደራሲዎቹ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በሤራው አናት ላይ ያሉት ነጮች ናቸው። ባለጸጋው ካርላይል፣ እንግሊዛዊው መኳንንት ሰር ኦብሪ ፔንሂው፣ የሥነ ልቡና ሐኪሙ ሮበርት ሂዩስተን ዓለምን የሚሸጡት በሥልጣን ጥማት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። ነጩ ሤረኛ ስም፣ ታሪክና ምክንያት አለው፤ ተፈትኖ ወድቋል። ምላጭና ቆንጨራ ይዞ በጨለማ የሚመጣው ተከታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስምም ምክንያትም የለውም። የመጀመሪያው ወደ ክፋት ሄደ፤ ሁለተኛው እዚያው ተገኘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስፈራው ገጽ ጭራቅ የለበትም፤ አንድ አጭር የጋዜጣ ቁራጭ ነው። የካርላይልን ቡድን ጨፍጭፈዋል ተብለው አምስት የናንዲ ሰዎች ከአጭር ችሎት በኋላ መገደላቸውን ይናገራል። ምርመራው ሲቀጥል የቡድኑ መሪዎች በሕይወት እንዳሉ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሰዎቹ የሞቱት በሐሰት ነው። ታሪኩ ይህን ያውቃል፤ እንደ ፍንጭም ይጠቀምበታል። ከዚያ ያልፈዋል። ሬሳ ለተመለከተ፣ መጽሐፍ ለገለጠ፣ ጥላ ላየ ሰው የልቡና ነጥብ የሚቀንስ ጨዋታ፣ አምስት ንጹሐን በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሞታቸውን ላነበበ ሰው የሚቀንስበት ነጥብ የለውም።

ናንዲዎች የፈጠራ ሕዝብ አይደሉም። ከ1895 እስከ 1905 የእንግሊዝን ጦር ሲከላከሉ ቆይተዋል። ኦርኮይዮት የተባለው ሃይማኖታዊ መሪያቸው ኮይታሌል አራፕ ሳሞኤይ፣ በኦክቶበር 1905 ለዕርቅ ንግግር በተቀጠረበት ቦታ በእንግሊዛዊው መኮንን በሪቻርድ ማይነርትስሃገን እጅ ተገደለ። ለሕዝቡ መሪ የነበረው ሰው ለቅኝ ገዥው ጠንቋይ ነበር። የኬንያ ቅኝ አስተዳደር ጥንቆላን የሚቀጣውን ድንጋጌ ያወጣው ደግሞ በ1925 ነው፤ የጨዋታው ታሪክ በሚጀምርበት በዚያው ዓመት። ተጫዋቹ በጠረጴዛው ላይ «የአምልኮው መሪ» እያለ የሚያድነው ገጸ ባሕርይ፣ በቅኝ ገዥው መዝገብ ውስጥ ታላቅ ወንድም አለው።

ይኸው ዓመት በላቭክራፍትም ሕይወት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ደራሲው ከ1924 እስከ 1926 ኒው ዮርክ ከተማ ይኖር ነበር። አሜሪካ የስደተኞችን መግቢያ በየአገሩ ኮታ ያጠበበችበት ሕግ የወጣው በ1924 ነው። ላቭክራፍት በ1925 ብሩክሊን ተቀምጦ የጻፈው «የሬድ ሁክ ሽብር» የሚፈራው ነገር ከጠፈር አልመጣም፤ ከመርከብ የወረደ ነው። በማይገባው ቋንቋ የሚነጋገሩ፣ ሌሊት የሚሰበሰቡ፣ ወረቀት ሳይኖራቸው የገቡ ስደተኞች ናቸው ጭራቆቹ። ይህን ታሪክ በስደት አገር ሆኖ የሚያነብ ሰው፣ ከመርማሪው ጋር ሆኖ በመስኮት ወደ ውስጥ ለመመልከት ይቸገራል፤ ወንበሩ የተዘጋጀለት ከመስኮቱ ወዲያ ነውና።

እንግዲህ ላቭክራፍትንና ጨዋታውን አብረን እንጣል? እንዲህ ያለው ፍርድ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያጠራጥረኛል። ደራሲው የተናገረውን እውነት ራሱ እስከ መጨረሻው አልተከተለውም። ጽንፈ ዓለሙ ለሰው ግድ የለውም ካለ በኋላ፣ ለአንዱ ዘር ግን ከሌላው ይልቅ ግድ ያለው አስመሰለ። ይህ የምግባር ጉድለት ከመሆኑ በላይ የጥበብ ጉድለት ነው። የማይታወቀውን ነገር እጽፋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው የሰፈሩን ወሬ ጻፈ። ጎረቤቱን የፈራ ሰው ከዋክብትን ፈራሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ይህን የተረዱ ሌሎች ጸሐፍት የላቭክራፍትን ሥራ ከእርሱ በተሻለ ታማኝነት ቀጥለውታል። ቪክተር ላቫል በ2016 ባሳተመው «የብላክ ቶም ባላድ» የሬድ ሁክን ታሪክ በአንድ የሃርለም ጥቁር ወጣት ዐይን መልሶ ተረከው። ክሪስ ስፓይቪ በ2017 ለዚሁ ጨዋታ ባዘጋጀው «ሃርለም አንባውንድ» የሃርለም ሰዎች መርማሪዎች ሆኑ፤ የዘር መድልዎም በጨዋታው ደንብ ውስጥ በቁጥር ተመዝኖ ገባ። የፒተርሰን ግኝት እዚህ ላይ ሙሉ ሆነ እላለሁ። ልቡናን የሚያጎድለው ነገር ከጠፈር የሚመጣው ብቻ ካልሆነ፣ ደንቡ ከሰው የሚመጣውንም መቁጠር አለበት። ኬኦሲየምም በ2018 «ጭምብሎቹን» አሻሽሎ ሲያወጣ፣ በሃርለም ግድያዎች በሐሰት የተፈረደበት ሂልተን አዳምስ የተባለ ጥቁር የአንደኛው ዓለም ጦርነት ዘማች በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። እርሱን ከሞት ማዳን ለተጫዋቾቹ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። አምስቱ ናንዲዎች ያላገኙት ዕድል መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ ቅርብ ነው። በየስደት አገሩ የሚያድጉ ልጆቻችን እነዚህን ጨዋታዎች በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በጓደኛ ቤት ያገኟቸዋል። ስለ ጋኔን የሚናገር መጽሐፍ ሁሉ ጋኔን ይስባል ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ጥቂት አይደለም። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ክቱሉ ማንንም ልጅ አልጎዳም። ልጁ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጥ የሚሰጠው ሚና ግን ሊጎዳው ይችላል። የራሱን መልክ የያዘው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ቆንጨራ ይዞ በጨለማ የሚመጣው ከሆነ፣ ከማናቸውም ጭራቅ የባሰ ነገር ሳያውቀው ተምሯል። ስለዚህ ልጁን ምን ትጫወታለህ ብለን ከመገሠጻችን በፊት፣ ማንን ሆነህ ትጫወታለህ ብለን እንጠይቀው።

የክታቡ ጸሐፊ የክፉውን መንፈስ ስም መጥራት ያድናል ብሎ ያምን ነበር። ላቭክራፍት ስሙን ማወቅ ያጠፋል አለ። ስለ ጠፈር አማልክት ላቭክራፍት ልክ ሊሆን ይችላል፤ እነርሱን የሚጠይቅልን የለም። በ1925 ጭምብል ሥር ስላለው ክፋት ግን፣ ስሙን አውቆ በስሙ መጥራት ያድናል ያለው ደብተራ ነው ልክ።