የባዶ ቅንፍ ጥበብ

ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው የቦረና ደጋ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያም ሆነ በሳይንት፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ቀንበር ከመጫኑ በፊት ግን በሬው መኖሩን፣ ለዚያ ቀን ለሌላ አለመሰጠቱን ይጠይቃል። ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ በአጭሩ ኤምሲፒ፣ የተሠራው በዚሁ ጨዋነት ነው። አንትሮፒክ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ይህ ፕሮቶኮል የቋንቋ ሞዴሎችን ከልዩ ልዩ ሶፍትዌሮች ጋር ያገናኛል። ከውስጡ ደጋግሜ የማደንቀው አንዲት ትንሽ ምርመራ አለች፤ የመሣሪያ ሰርቨሩ ከወዲያኛው ወገን የሚጠቀምበት ሞዴል መኖር አለመኖሩን የሚያጣራባት።

ሰርቨሩ ፋይል ያነባል፣ ከመረጃ ቋት ይፈልጋል፤ የራሱ ሞዴል ግን የለውም። ያገኘውን ረጅም ሰነድ ማሳጠር ቢያስፈልገው ሞዴሉ ያለው ተጠቃሚው በሚሠራበት ፕሮግራም፣ በክላየንቱ ዘንድ ነው። ሳምፕሊንግ የሚባለው ይህን ሞዴል በክላየንቱ በኩል መጠየቅ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩን የሚሠራው ሰው ሞዴል ለመጠቀም የሚያስፈልገውን የኤፒአይ ቁልፍ ራሱ መግዛት አይጠበቅበትም። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረው የአገራችን ፕሮግራመር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ግንኙነት ሲከፈት ክላየንቱ በመጀመሪያው መልእክቱ የፕሮቶኮሉን ሥሪት፣ ማንነቱንና ችሎታዎቹን ያስታውቃል። ሳምፕሊንግ የሚችል ከሆነ የችሎታውን ስም ጽፎ ከጎኑ ባዶ ጥምዝ ቅንፍ ያኖራል። የማይችል ከሆነ ስሙን ጨርሶ አያነሳውም። አዎ ወይም አይ የሚል ቃል የለም፤ የስሙ መጻፍ ራሱ መልስ ነው። ቅንፉ ለምን ባዶ እንደተተወ ልክ በዓመቱ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በወጣው ሥሪት ታየ። ሞዴሉ በሳምፕሊንግ ጊዜ መሣሪያዎችን እንዲጠራ ሲፈለግ፣ አዲሱ ችሎታ እዚያው ቅንፍ ውስጥ ቦታ አገኘ። የቀድሞዎቹ ክላየንቶች ባዶ ቅንፋቸውን እንደያዙ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አዲሱን ችሎታ ላላስታወቀ ክላየንት መሣሪያ ያለበት ጥያቄ እንዳይላክም ደንቡ ከለከለ። ነባሩን ሳያፈርሱ አዲስ መጨመር የቻሉት አስቀድመው ቦታ ስለተዉ ነው። ኤምሲፒን የሠሩት ሰዎች አርአያቸው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል መሆኑን ይናገራሉ፤ እሱም ችሎታን በመጀመሪያው ሰላምታ የሚያስታውቅ ነው።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ምርመራው አንድ መስመር ነው፤ መልሱም እውነት ወይም ሐሰት። ሐሰት ሲሆን ጎበዝ ሠራተኛ ሌላ መንገድ ያዘጋጃል፤ ማሳጠሩ ቢቀርም ሰነዱን እንዳለ ይመልሳል፣ መሣሪያውም ይሠራል። ሳያጣራ ጥያቄውን የላከ ግን ትእዛዙ አይታወቅም የሚለውን የስህተት ቁጥር፣ -32601ን፣ ሊቀበል ይችላል።

ሞዴል መኖሩ ከታወቀ በኋላም ሰርቨሩ አያዝዝም። ለዋጋ፣ ለፍጥነትና ለብልህነት የሚሰጠውን ክብደት ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይገልጻል፤ የሚመርጠውንም ሞዴል ስም ሊጠቁም ይችላል። መራጩ ክላየንቱ ነው፤ ተጠቃሚውም ጥያቄውን አይቶ እምቢ ማለት እንዲችል ፕሮቶኮሉ አጥብቆ ይመክራል። መልሱ ሲመጣ የትኛው ሞዴል እንደመለሰ አብሮ ይመጣል፤ ለምን እንዳቆመም ሊነገር ይችላል።

ይህ የቆመበትን ምክንያት መናገር አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ዋጋ አለው። ምርመራው ሞዴል መኖሩን ይናገራል እንጂ አማርኛ መቻሉን አይናገርም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ብዙ ሞዴሎችም የአማርኛን ቃል ቶክን በሚባሉ ብዙ ቁርጥራጮች ይከታትፉታል። ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የቶክን ጣሪያ የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ ሊቆርጠው ይችላል፤ የቆመበትን ምክንያት የሚያነብ ሰርቨር ግን ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አይሮኮቤንች የተባለው መመዘኛም ሞዴሎች አማርኛን ጨምሮ በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚያስመዘግቡት ውጤት ከእንግሊዝኛው በብዙ እንደሚያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ከፕሮቶኮሉ ምርመራ በላይ የራሳችን ሊኖረን ይገባል፤ መልሳቸው የታወቀ ጥቂት የአማርኛ ጥያቄዎችን ልኮ ሞዴሉን መፈተን።

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢም ሆነ በሌላ ቦታ ፕሮግራሚንግ የምትማሩ ወጣቶች፣ ሰርቨር ስትሠሩ መጀመሪያ የምርመራው መልስ ሐሰት ሲሆን የሚኬድበትን መንገድ ጻፉ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ ሞዴልም ሁልጊዜ በማይገኝበት አገር የሚያገለግል መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው።