የጊዜው ማጠርና የመርፌው ጉዳት፤ የ«ስትሪም» ጥናት ሲመዘን

መድኃኒት የተላመደ ቲቢን የሚመለከተው «ስትሪም» የተሰኘው ክሊኒካዊ ጥናት ከተካሄደባቸው ተቋማት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዋና ጥያቄ፣ ከ9 እስከ 11 ወራት የሚወስደው ሕክምና 20 ወራት ከሚወስደው ያንሳል ወይ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንደማያንስ አሳየ፤ በአጭሩ ሕክምና 78.8 በመቶ፣ በረጅሙ 79.8 በመቶ ታካሚዎች መልካም ውጤት አግኝተዋል።

ታካሚዎች በዕጣ መመደባቸውና እስከ 132 ሳምንታት ክትትል መደረጉ የጥናቱ ብርታት ነው። ሆኖም የአኃዞቹ መቀራረብ ሊያዘናጋ አይገባም። በልብ ምርመራ የኪው.ቲ. ርዝመታቸው 500 ሚሊሰከንድ የደረሰ ታካሚዎች በአጭሩ 11.0 በመቶ፣ በረጅሙ 6.4 በመቶ ነበሩ። ከዚህም በላይ፣ ጥያቄው ስለ ጊዜ እንጂ ስለ መርፌው ስላልነበረ፣ መስማትን የሚጎዳው መርፌ በአጭሩም ሕክምና ውስጥ ቀረ። እርግጥ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር ቤዳኪሊን በሰፊው አይሰጥም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሁለተኛው ምዕራፍ ጉድለቱን አሟላ። ቤዳኪሊን ያለበትና በአፍ ብቻ የሚወሰደው ሕክምና በ82.7 በመቶ፣ መርፌ ያለበት በ71.1 በመቶ ታካሚዎች ላይ መልካም ውጤት አስገኘ፤ የመስማት ጉዳት የደረሰባቸውም 2 በመቶ ከ9 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ነበሩ።

ስለሆነም በየሆስፒታሉ ጥናት የሚያካሂዱ ባለሙያዎች ፕሮቶኮል ከመጻፋቸው በፊት ታካሚው የትኛውን ጉዳት አጥብቆ እንደሚፈራ ሊጠይቁት ይገባል። ከቲቢ ተፈውሶ መስማት ለተሳነው ሰው፣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው «መልካም ውጤት» ሙሉ እውነት አይደለም።